ከወንበሩ ጀርባ ያለው ገንዘብ፦ የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ደመወዝና የቴኑር ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ዘመድ ያለው ሰው «ቴኑር አገኘ» ሲባል ሰምቶ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ያውቃል። ነገሩ ቋሚ ሹመት እንደሆነ፣ ቴኑር ያለውን መምህር ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ሥርዓት ማባረር እንደማይቻልም ሰምቷል። ይኸው ዘመድ ደመወዙ የሚታሰበው ለዘጠኝ ወር ብቻ መሆኑን፣ የቀሩትን ወራት ከምርምር ገንዘብ እንደሚያሟላ፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ያለ ከሆነ ደግሞ የደመወዙን እኩሌታ ራሱ ፈልጎ እንዲያመጣ ሊጠየቅ እንደሚችል ሲያጫውተው ግን ግራ ይገባዋል። ሹመቱ ቋሚ ከሆነ ደመወዙ ምነው አልጸና አለ?

መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። ቴኑር የተፈጠረው ገንዘብ የሚሰጠው ሰው የመምህሩን አፍ እንዳይዘጋ ነው። መምህሩ የሚኖረው ግን ዞሮ ዞሮ በዚያው በሚሰጠው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከፋዩ በተለወጠ ቁጥር የቴኑርም ጉልበት አብሮ ተለውጧል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

## ከ1636 እስከ 1860፦ ስንዴ፣ ጀልባና የሆሊስ ወንበር

ሃርቫርድ ኮሌጅ በ1636 ሲመሠረት ለመምህር የሚከፈል የተደላደለ ገንዘብ አልነበረውም። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ከቦስተን ወደ ቻርልስታውን የሚያሻግረው ጀልባ የሚያስገባውን ገንዘብ ለኮሌጁ ሰጠ። ያም አልበቃም። በ1644 በኒው ኢንግላንድ ቅኝ ግዛቶች ያለ እያንዳንዱ አቅም ያለው ቤተሰብ ሩብ ቡሽል ስንዴ፣ ማለትም ሰባት ኪሎ ገደማ፣ ወይም ዋጋውን ለኮሌጁ እንዲያዋጣ ተጠየቀ። ተማሪዎችም ክፍያቸውን በስንዴ፣ በብቅል፣ በቅቤ፣ አንዳንዴም በከብት ይከፍሉ ነበር።

ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ የሚያስተምሩት ቱተር የሚባሉ፣ ገና የተመረቁ፣ ያላገቡ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን እስኪያገኙ ለጥቂት ዓመታት ያስተምሩና ይሄዳሉ። በዚያ ክፍያ ትዳር ይዞ ቤት ማስተዳደር ስለማይቻል ማስተማር የዕድሜ ልክ ሙያ ሊሆን አልቻለም።

ለውጡ የመጣው ከለንደን ነው። ቶማስ ሆሊስ የሚባሉ ነጋዴ በ1721 በሃርቫርድ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር የሚተዳደርበትን ገንዘብ ሰጡ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ በየዓመቱ የሚያስገኘው ትርፍ ብቻ ለወንበሩ ባለቤት ይከፈላል። በአሜሪካ እንዲህ ባለ ቋሚ ገንዘብ የቆመ የመጀመሪያው የፕሮፌሰር ወንበር ይኸው ነው። በወንበሩ የተሾሙት ኤድዋርድ ዊግልስዎርዝ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ ተቀመጡበት። በ1765 ሲያርፉ ልጃቸው ተተኩ። ቱተሮቹ በየጥቂት ዓመቱ ሲቀያየሩ ፕሮፌሰሩ ጸንተው የኖሩት፣ የሚከፈላቸው ገንዘብ በየዓመቱ ከማንም የማይለመን ስለነበር ነው።

እንዲህ ያለው ወንበር ግን ብርቅ ነበር። አብዛኞቹ ኮሌጆች በተማሪ ክፍያና በቤተ ክርስቲያን ምጽዋት የሚኖሩ፣ ፕሬዚዳንታቸው ዓመቱን ሙሉ ሲለምን የሚከርም ድሆች ነበሩ። መምህሩም የባለአደራ ቦርዱ ደስ እስካለው ድረስ ብቻ የሚሠራ ሠራተኛ ነበር።

## ከ1862 እስከ 1901፦ መሬት፣ ባቡርና የወይዘሮ ስታንፎርድ ቁጣ

በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል፣ ሐምሌ 1862፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን የሞሪልን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በኮንግረስ ባለው በአንድ ተወካይ ልክ 30,000 ኤከር የፌዴራል መሬት ሰጠ፤ መሬቱ ተሽጦ በገቢው የእርሻና የምህንድስና ኮሌጅ እንዲቋቋምበት ነው። ከዚያ መሬት ብዙው ከነባሮቹ ሕዝቦች በኃይልና በማታለያ ውል የተወሰደ መሆኑን ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ነው።

በሕጉ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ አንቀጽ አለ። ከሽያጩ የሚገኘው ዋና ገንዘብ እንዳይነካ፣ ትርፉም ለሕንፃ ግንባታ እንዳይውል ይከለክላል። ሕንፃውን ክፍለ ግዛቱ ይሥራ፤ ይኼ ገንዘብ ግን ለትምህርቱ፣ ማለትም በዋናነት ለመምህሩ ነው። ሆሊስ ለአንድ ወንበር ያደረጉትን የፌዴራል መንግሥት ለመላው አገር አደረገው ማለት ይቻላል። በ1887 ደግሞ ሌላ ሕግ ለየክፍለ ግዛቱ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በዓመት 15,000 ዶላር መደበ፤ መምህር ለምርምሩም ከዋሽንግተን የሚከፈለው ከዚያ ጀምሮ ነው። የእኛ አለማያ ከዚሁ ሐረግ ይመዘዛል፦ በ1950ዎቹ ኮሌጁን ያደራጀው ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም በሞሪል ሕግ የቆመ ነው፤ የላካቸውን መምህራን ደመወዝም የአሜሪካ መንግሥት በፖይንት ፎር ፕሮግራም ይሸፍን ነበር።

በግሉ ወገን ዘመኑ የባለጸጎች ነበር። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1876 ሲከፈት ሀብቱ በአብዛኛው የአንድ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ነበርና፣ ኩባንያው በ1880ዎቹ መጨረሻ የትርፍ ድርሻ መክፈል ሲያቆም ዩኒቨርሲቲው ጭንቅ ውስጥ ገባ። ከሁሉ ይልቅ ግን የስታንፎርድን ታሪክ ማየት ይበጃል።

የባቡር ሀብታሙ ሊላንድ ስታንፎርድ በ1893 ሲሞቱ ንብረታቸው በፍርድ ቤት ታገደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጄን ስታንፎርድ ለቤታቸው ማስተዳደሪያ የተፈቀደላቸውን በወር 10,000 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው አዋሉት። ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ስታር ጆርዳን በኋላ እንደተረኩት፣ ገንዘቡ በሕግ እንዲያልፍ ፕሮፌሰሮቹ የወይዘሮዋ የቤት አገልጋዮች ሆነው ተቆጠሩ። ሴትዮዋ የራሳቸውን ሠራተኞች ቀንሰው፣ ቁጠባ ይዘው ዩኒቨርሲቲውን ከመዘጋት አዳኑት፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ዩኒቨርሲቲው የቤታቸው አካል የመሰላቸውም ከዚህ የተነሳ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሮስ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት መምህር ነበሩ። በ1896 ምርጫ የብር ማዕድን ገንዘብ ሆኖ እንዲሠራ የሚሹትን ወግነው ጻፉ፤ በ1900 ደግሞ የከተማ ባቡር የሕዝብ ሀብት መሆኑ እንደማይቀር፣ የእስያ ስደተኞችም እንዳይገቡ ተናገሩ። የስታንፎርድ ሀብት የተሠራው በባቡርና በቻይናውያን ጉልበት ነው። ወይዘሮ ስታንፎርድ ሮስ እንዲባረሩ አዘዙ። ጆርዳን ለማብረድ ሞከሩ፣ በመጨረሻም እጅ ሰጡ፤ በኅዳር 1900 ሮስ ወጡ። ጉዳዩን በክፍል ውስጥ ያወገዙት የታሪክ ፕሮፌሰር ጆርጅ ሃዋርድ ይቅርታ ጠይቅ ወይም ልቀቅ ሲባሉ መልቀቁን መረጡ። አርተር ላቭጆይ የሚባሉ ወጣት የፍልስፍና መምህርም ተከተሏቸው።

ሮስ በስደተኞች ላይ የተናገሩት ዘረኛ ንግግር ነበር፤ ዛሬ አንብቦ የሚከላከልለት ሰው ያለ አይመስለኝም። የላቭጆይ ጥያቄ ግን ንግግሩ ትክክል ነው አይደለም ሳይሆን፣ ይህን መዝኖ የሚፈርደው ማን ነው የሚል ነበር። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት ቤት ዕውቀት እንዴት ያድጋል?

## ከ1905 እስከ 1918፦ ጡረታና የመምህራኑ ማኅበር

ላቭጆይ መልሳቸውን ይዘው የተመለሱት ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ግን አንድሩ ካርኔጊ ገቡ። የብረቱ ከበርቴ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባለአደራ ሆነው ሳለ የፕሮፌሰሮቹን ደመወዝ ትንሽነት አይተው ደንግጠው ነበር፤ በእሳቸው ቢሮ ከሚሠራ ጸሐፊ ብዙም አይበልጥም። በ1905 ለፕሮፌሰሮች ነጻ ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። በሃይማኖት ድርጅት ሥር ያሉ ኮሌጆች ግን ከጡረታው አይካፈሉም ስለተባለ፣ አንዳንዶቹ ገንዘቡን ለማግኘት ሲሉ ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር ያላቸውን ሕጋዊ ትስስር ፈቱ። የሩቅ ሰጪ የኮሌጅን መተዳደሪያ ሲያስለውጥ በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

ነጻው ጡረታ እንደማይዘልቅ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ፤ የጡረተኛው ቁጥር ከገንዘቡ ቀድሞ ሮጠ። በ1918 ቲ.አይ.ኤ.ኤ. የሚባለው ተቋም ተመሥርቶ መምህሩም ዩኒቨርሲቲውም የሚያዋጡበት ጡረታ ጀመረ። መምህሩ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ቢሄድ ጡረታው አብሮት ይሄዳል። ለነጻነት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከቦርዱ ጋር የተጣላ ሰው እርጅናውን ሳይፈራ ጓዙን መጠቅለል ይችላል።

በ1915 ላቭጆይና ጆን ዲዊ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዲዊ ሆኑ። በዚያው ዓመት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ አጥብቀው ይናገሩ የነበሩትን ስኮት ኒሪንግን አሰናበተ፤ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መምህራን በማባረሩ ሌሎች ብዙዎች በተቃውሞ ለቀቁ። ማኅበሩ ባወጣው መግለጫ ፕሮፌሰሩን ከፌዴራል ዳኛ ጋር አነጻጸረው። ዳኛውን ፕሬዚዳንቱ ይሾመዋል፣ ደመወዙም ከመንግሥት ነው፤ ፍርዱ ግን የፕሬዚዳንቱ አይደለም። መግለጫው ከአስር ዓመት አገልግሎት በኋላ ሹመቱ ቋሚ እንዲሆን ጠየቀ። የአስገዳጅነት ኃይል ግን አልነበረውም፤ አብዛኞቹ ቦርዶችም ችላ አሉት።

## ከ1940 እስከ 1956፦ የሰባት ዓመቱ ደንብ

ዛሬ ቴኑር የምንለው ቅርጽ የያዘው በ1940 ነው። የፕሮፌሰሮቹ ማኅበርና የኮሌጆቹ ማኅበር ለዓመታት ተነጋግረው አንድ የጋራ ሰነድ አወጡ። የሙከራው ጊዜ ከሰባት ዓመት አይበልጥም፤ ከዚያ መምህሩ ወይ ቴኑር ያገኛል ወይ ይሰናበታል። ቴኑር ያገኘ ሰው የሚነሳው በበቂ ምክንያት ወይም ተቋሙን እውነተኛ የገንዘብ ቀውስ ሲገጥመው ብቻ ነው። ሰነዱ ለቴኑር ሁለት ዓላማ ሰጠው። አንደኛው የማስተማርና የመመራመር ነጻነት ነው። ሁለተኛው ችሎታ ያለው ሰው ወደ ሙያው እንዲመጣ የሚያደርግ በቂ የኑሮ ዋስትና ነው። ይህን ሁለተኛውን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከ80 ዓመት በኋላ ዳኞች የተከራከሩበት እሱ ነው።

ኮሌጆቹ ደንቡን ለምን በሥራ ላይ አዋሉት? መርህ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ፣ በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት እስከ 500 ዶላር በቀጥታ ለኮሌጁ ይከፍል ጀመር፤ በሕጉ 2.2 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች ኮሌጅ ገቡ። መምህር ጠፋ። ደመወዝ ለመጨመር የከበደው ኮሌጅ ቋሚ ሹመት መስጠት ይችላል፤ ለዛሬው በጀቱ ምንም አያስከፍለውምና። ደንቡ በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ወዲያው ፈተና ገጠመው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በ1949 መምህራኑ ኮሙኒስት አለመሆናቸውን እንዲምሉ አዘዘ፤ በነሐሴ 1950 አንምልም ያሉ 31 መምህራንን አባረረ። ከመካከላቸው በኮሙኒስትነት የተከሰሰ አንድም ሰው አልነበረም። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የመጡት የታሪክ ሊቅ ኤርንስት ካንቶሮቪች እንዲህ ያለውን መሐላ ከዚያ ያውቁት ነበርና እንቢ አሉ። በ1952 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መምህራኑ እንዲመለሱ ወሰነ። ክፍለ ግዛቱ ደመወዝ ከፋይ ሲሆን ፖለቲካው ከደመወዙ ጋር አብሮ እንደሚመጣ ያ ጉዳይ አሳየ።

## ከ1957 እስከ 1972፦ ዋሽንግተን ከፋይ ሆነች

በጥቅምት 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች፤ ኮንግረስም ደንግጦ ለትምህርትና ለምርምር ገንዘብ አፈሰሰ። በ1950 የተቋቋመው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንና ብሔራዊ የጤና ተቋማት በጀታቸው አበጠ። የፕሮፌሰሩ የደመወዝ ወረቀትም ተለወጠ።

በቅርብ እንየው። አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ለዘጠኙ የትምህርት ወራት 90,000 ዶላር ይከፈላቸዋል እንበል። የአንዱ ወር 10,000 ነው። የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ደንብ በእረፍቱ ወራት ለሚሠሩት ምርምር የዘጠኝ ወሩን ደመወዝ ሁለት ዘጠነኛ፣ ማለትም 20,000 ዶላር፣ ከድጎማው እንዲወስዱ ይፈቅድ ነበር። ድጎማው ካለ የዓመት ገቢያቸው 110,000 ነው፤ ካልታደሰ ወደ 90,000 ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከዚያው ድጎማ ላይ ለመብራት፣ ለሕንፃና ለአስተዳደር የሚሆን ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላል። እስካሁን ቴኑሩ አልተነካም፤ ዘጠኙ ወር የተቋሙ ዕዳ ነው።

በሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ነገሩ ከዚህ አለፈ። ተመራማሪው በትምህርት ዘመኑም ጭምር ደመወዙን ከጤና ተቋማቱ ድጎማ እንዲያወጣ ተለመደ። በ1966 የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለአረጋውያን ሕክምና መክፈል ሲጀምር የሐኪም መምህራን ገቢ ከሚያክሙት በሽተኛ መምጣት ጀመረ። ገንዘቡ በሽ ነበርና ማንም አልጠየቀም፤ ዩኒቨርሲቲው በሌላ ሰው ገንዘብ ቴኑር እየሰጠ ሰፋ። ስህተቱ የተዘራው እዚህ ይመስለኛል። ዋስትናውን የሰጠው ተቋም ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆነ፤ ከፋዩ ቢያቆም ማን ይተካል የሚለውን ግን አብዛኛው የሹመት ደብዳቤ አልመለሰም።

በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔዎችን ሰጠ፤ ሮዝና ሲንደርማን ይባላሉ። በአንደኛው የአንድ ዓመት ውሉ ያለቀ መምህር መብት እንደሌለው፣ በሁለተኛው ግን የቴክሳሱ ኦዴሳ ኮሌጅ መምህር በጽሑፍ ቴኑር ባይኖረውም የተቋሙ ልማድና መመሪያ እንደ ቴኑር ያለ መብት ሊሰጠው እንደሚችል ተወሰነ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቴኑር በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ንብረት ሆነ።

## ከ1973 እስከ 1994፦ ገንዘቡ ሲሳሳ

ንብረትነቱ በተረጋገጠ በዓመቱ ኪሱ ጎደለ። የኒው ጀርሲው ብሉምፊልድ ኮሌጅ በ1973 በገንዘብ ቀውስ ስም ቴኑርን በጅምላ ሰርዞ 13 መምህራንን አሰናበተ፤ በምትካቸው ግን አዳዲሶች ቀጠረ። ዳኛው ሒሳቡን ሲመረምር ኮሌጁ 322 ኤከር የጎልፍ ሜዳ ይዞ ተገኘ። መምህራኑ እንዲመለሱ ተፈረደ። «የገንዘብ ቀውስ» የሚለው ቃል በማስረጃ የሚፈተን እንጂ ቦርዱ ስለተናገረው ብቻ የሚጸና እንዳልሆነ ታወቀ። በ1976 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማዋ ልትከስር ስትል፣ ከ1847 ጀምሮ የነበረውን ነጻ ትምህርት አቁሞ ተማሪ ማስከፈል ጀመረ፤ ብዙ መምህራንም ከሥራ ወጡ።

ቦርዶቹ ከፍርድ ቤት የተማሩት ቴኑር ያለውን አለመንካት ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ቴኑር በሌለው መሙላት ይቀላል፤ ከሳሽም የለው። ከ1994 ጀምሮ ፕሮፌሰርን በ70 ዓመቱ አስገድዶ ጡረታ ማስወጣት በሕግ ሲቀር ይህ ፍላጎት በረታ። በየኮርሱ የሚከፈለው፣ በየመንፈቁ የሚቀጠረው መምህር በዛ። የፕሮፌሰሮቹ ማኅበር እንደቆጠረው በ1987 ከመምህራኑ 39 በመቶ ያህሉ ቴኑር ያላቸው የሙሉ ጊዜ መምህራን ነበሩ፤ በ2021 ወደ 24 በመቶ ወርደዋል። ቴኑር የሚያስገኝ መስመር ላይ የሌሉት ከ47 ወደ 68 በመቶ ወጥተዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራንን፣ ቀዳጅ ሐኪሙን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ በደብዳቤ ያሰናበተው በዚሁ ዘመን፣ በ1993 (ሚያዝያ 1985 ዓ.ም.) ነው። የቴኑር ደንብ የለም፤ ከፋዩም አንድ ብቻ፣ መንግሥት ነው። ደመወዝ ከአንድ ምንጭ ብቻ ሲመጣ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል እንደሚቀል ማየት የፈለገ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

## ከ1998 እስከ 2025፦ ሹመት ያለ ደመወዝ

ከ1998 እስከ 2003 ኮንግረስ የብሔራዊ ጤና ተቋማትን በጀት በእጥፍ አሳድጎ ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪ ገነቡ፣ ቀጠሩ። ከዚያ ዕድገቱ ቆመ። ድጎማ ለማግኘት የሚወዳደረው ሰው በዝቶ ገንዘቡ ባለበት ሲረግጥ፣ ቴኑር ያላቸው አዛውንት ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ ማመልከቻቸው ይወድቅ ጀመር።

ከፋዩ ቢያቆም ማን ይተካል የሚለው የተዘለለ ጥያቄ ግን ዕድገቱ ሳይቆም ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ2000 የኢሊኖይ ይግባኝ ፍርድ ቤት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ተመለከተ፦ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚከፍለው መነሻ ደመወዝ ዜሮ የሆነ፣ ቴኑር ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ነበር። ፍርድ ቤቱ ቴኑሩ ደመወዝ አያረጋግጥም ብሎ ወሰነ። ስም፣ ማዕረግና ወንበር አለ፤ ወር ሲደርስ ግን የሚከፈል የለም። ይህን ውሳኔ አንብቤ መቀበል አልቻልኩም፤ የ1940ዎቹ ሰዎች ያሰቡት ዋስትና እንዲህ አልነበረም።

ሕግ አውጪዎችም ቴኑሩን በሌላ በኩል ነካኩት። የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በ2015 ከዩኒቨርሲቲው በጀት 250 ሚሊዮን ዶላር በቀነሰበት በዚያው የበጀት ሕግ ቴኑርን ከክፍለ ግዛቱ ሕግ አወጣው፤ በቦርዱ መመሪያ ውስጥ ብቻ ቀረ። ፍሎሪዳ በ2022 ቴኑር ያለው ሰው በየአምስት ዓመቱ እንዲመዘን የሚያስችል ሕግ አወጣች።

በማሳቹሴትስ ደግሞ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት በ2017ና በ2019 ባወጣቸው መመሪያዎች ቴኑር ያላቸው የመሠረታዊ ሳይንስ ፕሮፌሰሮች የደመወዛቸውን እኩሌታ ያህል ከውጭ የምርምር ገንዘብ እንዲያመጡ አዘዘ። ላላመጡት ደመወዝ ተቀነሰ፣ የላቦራቶሪ ቦታ ተወሰደ። ስምንት ፕሮፌሰሮች ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው ቴኑራችሁን አልነካሁም፣ ሹመታችሁ እንዳለ ነው አለ። በመጋቢት 2024 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ1940ው ሰነድ የተወረሰውን የኑሮ ዋስትና ቃል ይዞ ወሰነ፦ ቃሉ ጌጥ አይደለም፣ የቴኑር ዋና አካል ነው፤ ያለ ደመወዝ የቀረ ቴኑርም ትርጉም የለውም። ስንት ቢቀነስ ዋስትናው ይፈርሳል የሚለው ግን በሰነዶቹ ላይ ስላልተጻፈ፣ ሰዎቹ ሲሾሙ ምን ተረድተው እንደነበር በማስረጃ እንዲጣራ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው።

ዓመት ሳይሞላ ከፋዩ ራሱ ተነቃነቀ። በየካቲት 2025 የጤና ተቋማቱ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍሉትን የሕንፃና የአስተዳደር ወጪ በ15 በመቶ ሊገድቡ አወጁ፤ ፍርድ ቤት ቢያግደውም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ቅጥር አቆሙ። በሐምሌ ደግሞ ኮንግረስ የሀብታሞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ገንዘብ በሚያስገኘው ገቢ ላይ 1.4 በመቶ የነበረውን ግብር እስከ 8 በመቶ አሳደገው። ድጎማው የቀረበት ዩኒቨርሲቲ እጁን የሚዘረጋበት የራሱ ተቀማጭ የሚያስገኘው ገቢም እንዲቀንስ በዚያው ዓመት ተወሰነ ማለት ነው።